ስልክ ያጠጡት እትዬ አንጓች

የእትዬ አንጓችን ማረፍ የሰማሁት በሰው ሠርግ ላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው እንግዳ ከደብረ ታቦር እንደመጣ ሲነግረኝ ስለማውቃቸው ሰዎች በየተራ እጠይቀው ጀመር። እሱም ይኼ ደኅና ነው፣ ያኛው አገር ለቋል እያለ ሲመልስልኝ ቆየና እሳቸው ላይ ሲደርስ «እሳቸውማ ካረፉ ቆዩ እኮ፤ አልሰማህም?» አለኝ። ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ሰውዬው ደንግጦ እጁን ከገበታው ላይ አነሣ። እንደምወዳቸው፣ ሳቄም የክፋት እንዳልሆነ ላስረዳው ፈልጌ ነገሩ ረዥም ሆነብኝና ተውሁት። ለሱ ያልነገርሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

በጣሊያን ዘመን ደብረ ታቦር ላይ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ከዚያ በፊት መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ስፈልጥ ጥቂት ጣሊያንኛ ለቃቅሜ ስለነበር፣ ተቀምጠህ የምትውልበት ሥራ አለ ሲሉኝ አላንገራገርሁም። ሥራዬ የስልኩን እጀታ አዙሮ ጎንደርን መጥራት፣ መልስ ሲመጣ ደግሞ ማዳመጫውን ለካፒታኖው ማቀበል ነበር። ካፒታኖ የምንለው በከተማው የሰፈረው ጦር አዛዥ ነው። የስልክ ቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል ስትሆን ጀርባዋ ከእትዬ አንጓች ጓሮ ጋር ይዋሰናል፤ በመካከል ያለው ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው።

እትዬ አንጓች ጠላ ሻጭ ነበሩ። ባላቸው ቀድመዋቸዋል፣ ልጅ አልወለዱም፤ ከዘመድ ሁሉ የቅርባቸው ጋፋት የሚያርሰው ታናሽ ወንድማቸው ሞላ ነው። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አጠር ደንደን ያሉ፣ ነጠላቸውን ዘወትር በወገባቸው የሚያስሩ ሴት ነበሩ። ሰው ሲያናግራቸው ግራ ጆሯቸውን ወደ ተናጋሪው ያዘነብላሉ። ያየ ሁሉ የሚያዳምጡ ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን መልሳቸውን እያዘጋጁ ነው።

አዲስ መሣሪያ ባዩ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ «ይኼስ የሚበላው ምንድን ነው?» ይላሉ። በሳቸው ሐሳብ ሳይበላ የሚሠራ ነገር በዓለም ላይ የለም። መኪና ቤንዚን ይበላል፤ ካጣ ይቆማል፣ ያልለመደውን ከሰጡት ደግሞ ይታመማል። ይኼን ትምህርት ያገኙት ከፋኖሳቸው ነው። አንድ ጊዜ ላምባ ቢጠፋ ጊዜ የኑግ ዘይት ሞሉበት። ፋኖሱ ጥቂት ጨሰ፣ ብርጭቆውን ከሰል አስመሰለው፣ ከዚያ ድርግም አለ። የኑግ ዘይት ወፍራም ስለሆነ በክሩ ሽቅብ አይሳብም ብዬ በሰፊው አስረዳኋቸው። ጆሯቸውን አዘንብለው አስጨረሱኝና «እንግዲያው ሆዱ አልቻለውም በለኛ» አሉ። ልክ ነዎት ብላቸው ምን ነበረበት፤ አይደለም ብዬ ስከራከር ዋልሁ።

የግድግዳ ሰዓታቸው ደግሞ የብቻው ጉድ ነው። ባላቸው ከጎንደር ያመጡት፣ ጧት ጧት በቁልፍ የሚሞላ ሰዓት ነበር። እትዬ አንጓች ግን በበዓል ቀን ሰዓት አይሞሉም። እንጨት መፍለጥ በበዓል እንደማይገባ ሁሉ ብረት መጠምዘዝም ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ በሰንበት፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም ክልክል ነው። ስለዚህ ሰዓቱ በዓል በገባ ቁጥር ቀጥ ይላል። በማግሥቱ ሲሞሉት ካቆመበት ይቀጥላል፤ እጁን ወደፊት መግፋት አይታሰብም። ሰው ረፋድ ላይ ገብቶ ሰዓቱን ቢያየው የማታ ሊሆን ይችላል። ጠጪዎቻቸው መምሸቱን የሚያውቁት በሩ ላይ ባለው ጥላ ነበር። ሰዓትዎ ተሳስቷል ስላቸው፣ አልተሳሳተም፣ ዐርፎ ነው ይሉኛል። ያለፈውን እንዲያስተካክሉት ስለምናቸውም፣ ያረፈበትን ሊያስከፍሉት እንደማይፈልጉ ነግረውኛል።

የስልኩ መብል ግን ግራ አጋብቷቸው ነበር። በሣጥኑ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ አለ ብላቸው፣ ድንጋይ በልቶ ጎንደር ድረስ የሚያወራ ፍጡር አላውቅም አሉ። እኔም መሥመሩን የዘረጋው ጣሊያናዊ መካኒክ ወደ ሌላ አገር ሳይዛወር ያስረዳኝን አስረዳኋቸው። ከደብረ ታቦር ጎንደር የተሳበው ሽቦ አንድ ብቻ ነው። የስልኩ ኃይል በሽቦው ይሄድና በመሬት ውስጥ ይመለሳል። እንዲመለስ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ የብረት ካስማ መሬት ውስጥ ይቀበራል። የኛ ካስማ በእትዬ አንጓች በኩል ከካቡ ሥር የተተከለ ነበር። መካኒኩ የተከለው በክረምት ጭቃ ሲሆን፣ ዝናብ ሲወርድበት ቸኩሎ ስለነበር ብዙም አላጠለቀውም።

«ጎንደር ድረስ በአፈር ውስጥ? ድንጋይ ሲገጥመውሳ?» አሉኝ እትዬ አንጓች።

ይኼን መካኒኩ አልነገረኝም። አላውቅም ከምል ስለ ሌላ ነገር ሳወራ፣ አንተም አታውቀውም ብለው ሣቁብኝና ጠላ ቀዱልኝ።

ክረምቱ አልፎ፣ በጋው ገፍቶ ሁዳዴ ገባ። እትዬ አንጓች በሁዳዴ ጠላ አይጠምቁም። ጋኖቻቸውን ደፍተው፣ ቤታቸውን ዘግተው፣ በሶ ቋጥረው ጣራ ገዳም ሱባኤ ሊገቡ ወጡ። ሰፈሩ ጭር አለ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ይታመም ጀመር። መጀመሪያ የጎንደሩ ሰው ድምፅ ቀጠነ፤ ቀጥሎ ከጕድጓድ የሚናገር መሰለ፤ በመጨረሻ ጨርሶ ጠፋ። የባትሪ ድንጋዩን ለወጥሁ፣ ሽቦውን አጥብቄ አሰርሁ፣ ሣጥኑን በጥፊ መታሁ። ምንም የለም።

ካፒታኖው መሣሪያ ይታመማል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ለሱ ስልክ ዝም ካለ ሽቦ የቆረጠ አርበኛ አለ ማለት ነው። ወታደር ልኮ መሥመሩን አስፈተሸ። የተቆረጠ ሽቦ አልተገኘም፤ ነገር ግን መሥመሩ በሚያልፍበት በጋፋት እርሻ ላይ፣ ድግሩ ከሞፈሩ ጋር በስልክ ሽቦ የታሰረ አንድ ገበሬ ተገኘ። ገበሬው ሞላ ነበር። መሥመሩ ሲዘረጋ ቁርጥራጭ ሽቦ በየሜዳው ተጥሎ ስለቀረ ያልለቀመ ገበሬ የለም። ጠፍር በጠራራ ፀሐይ ይበጠሳል፣ ሽቦ አይበጠስም፤ ስለዚህ የየሰዉ ሞፈር በሱ ታስሯል። ካፒታኖው ግን ያየው የሞላን ብቻ ነው። ይኼ ሰው ሽቦውን ቆርጦ ለራሱ ወስዷል፣ እንዳይታወቅበትም መልሶ አበላሽቶ ቀጥሎታል፣ ስልኩ የታመመው በዚህ ነው አለ። በሚመጣው ገበያ፣ ሰው ሁሉ እያየ እንዲሰቀል ፈረደበት። ለማስፈራራት ነው ያለ አልነበረም፤ በዚያ ገበያ የተሰቀሉ ሰዎች አይተናል።

ወሬው ጣራ ገዳም ሲደርስ እትዬ አንጓች ሱባኤያቸውን አቋርጠው መጡ። እግራቸው አብጦ፣ ነጠላቸው አቧራ ለብሶ በቀጥታ ካፒታኖው ፊት ቆሙ። የሳቸውን ልመና ወደ ጣሊያንኛ፣ የሱን መልስ ወደ አማርኛ የመለስሁት እኔ ነኝ። እንደዚያን ቀን አፌን የጠላሁበት ጊዜ የለም። እሳቸው ብዙ ተናገሩ፤ እሱ ሽቦ ቆርጧል ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም።

ቤታቸው በዘመድ ተሞላ። ሬሳ ያልወጣበት ለቅሶ ሆነ። እትዬ አንጓች ግን መቀመጥ አልቻሉም፤ እጄ ዝም ካለ አብዳለሁ አሉና ተደፍተው የከረሙትን ጋኖች እያነሡ በግራዋ ያጥቡ ጀመር። ጋኑን ያሻሻሉ፣ ያንቦጫቡጫሉ፣ እጣቢውን ዘወትር እንደሚያደርጉት ከካቡ ሥር ይደፋሉ። ማንም ተዪ አላላቸውም።

በማግሥቱ ጧት መልስ የማያመጣውን እጀታ ልማድ ሆኖብኝ ባዞር ጎንደር መለሰ። ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ። ካፒታኖው ደስ አለው። ሌባው ከታሰረ ወዲህ መሥመሩ ዳነ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ አለኝ። የስልኩ መዳን የሞላን አንገት ጭራሽ ወደ ገመዱ አስጠጋው። ካቡን ተሻግሬ ለእትዬ አንጓች ስነግራቸው ጋን አቅፈው እንደቆሙ ቀሩ። ጆሯቸውን አላዘነበሉም።

«እኔ ስሄድ ታመመ፣ እኔ ስመጣ ዳነ። ከኔ ቤት የሚበላው ነገር አለ» አሉ።

አይደለም ልላቸው አፌን ስከፍት ዓይኔ ካስማው ላይ ዐረፈ። በዙሪያው ያለው መሬት ሁሉ ተሰነጣጥቋል፤ ካስማው የቆመባት ቦታ ብቻ ጭቃ ናት። የስልኩ ኃይል በርጥብ አፈር ያልፋል፣ በደረቅ አፈር አያልፍም። በጋውን ሙሉ መመለሻ መንገዱን ሲያረጥቡለት የነበሩት፣ ሳያውቁት፣ እትዬ አንጓች ናቸው። ጠላ መጥመቅ ሲተዉ አፈሩ ደረቀ፤ አፈሩ ሲደርቅ ስልኩ ዲዳ ሆነ። ይኼን ስነግራቸው የሚዘሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ካቡ ላይ ተቀመጡና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይኼን ለካፒታኖው ብነግር ሞላ ይተርፋል» አሉ። «ነገር ግን ዱር ያሉት ልጆችስ? ስልኩ ዝም ባለ ቁጥር የነሱ ዕድሜ ይረዝማል። የጠላትን ጆሮ በእጄ ልክፈት?»

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ዕንባቸው ወረደ።

«በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ነው፤ ገበያ መካከል ተሰቅሎ ማየት አልችልም» አሉና ተነሡ። እኔም አለቀስሁ፤ ስላልደበቅሁት ዛሬም አላፍርበትም።

ካፒታኖውን ለማሳመን ብዙ ወሬ አላስፈለገም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዲያደርግ፣ የጎንደሩም ሰው ሳያቋርጥ እንዲናገር ጠየቅሁት። እትዬ አንጓች ከውጭ ካስማውን ከጭቃው ነቅለው ደረቁ አፈር ላይ ሰኩት። የካፒታኖው ቅንድብ ተነሣ፤ ድምፁ ጠፍቷል። ወደ ጭቃው መለሱት። ድምፁ መጣ። እንደ ሕፃን አንድ ጊዜ ድገሙልኝ፣ አንድ ጊዜ ድገሙልኝ እያለ አሠራቸው። ስለ ሽቦው ቍራጭ ሲጠይቅ፣ እትዬ አንጓች በየሞፈሩ ስላለ ጋፋትን ሁሉ ሊሰቅሉ ነው ወይ በልልኝ አሉኝ፤ አለዝቤ ነገርሁት። ካፒታኖው ሣቀ። እዚያው በዚያው ጎንደርን ጠርቶ የስልኩን በሽታ እንዴት እንዳገኘው ነገራቸው፤ አገኘሁት ያለው ራሱ ነው። እትዬ አንጓችን አላነሣቸውም፤ እሳቸውም ግድ አልነበራቸውም። ሞላ የዚያኑ ቀን ተለቀቀ። ጀርባው በጅራፍ ተልጦ ነበር፣ ግን በእግሩ እየሄደ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ አንጓች ካስማውን በየቀኑ እንዲያጠጡ ትእዛዝ ተሰጣቸው። ጧት ጧት አንድ ወታደር እየመጣ አፈሩን በጣቱ ነክቶ ይሄዳል። ሰፈሩ ስልክ አጠጪዋ አላቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሥቁበት ነበር፤ ይኼኛው ስም ግን አላሣቃቸውም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ፈንጠር ብለው የሚቆሙ ሴቶች ነበሩ። ፋሲካ አልፎ ጠላ መጥመቅ ሲጀምሩም ከጠጪዎቻቸው የቀሩ አሉ። ይኼን አንሥቼ ላጽናናቸው ስሞክር፣ «እውነታቸውን ነው፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ፈንጠር ብዬ እቆም ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ውሃውን ሲያፈስሱ አላያቸውም፤ ፊቴን አዞራለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሞላ መጣ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። የቀዱለትን ጠላ ቀመስ አድርጎ አስቀመጠው። በሬዎቹን ለጎረቤት እንደሰጠ፣ የዘንድሮን ገብስም ጎረቤቱ እንደሚዘራለት በቀዝቃዛ ድምፅ ነገራቸው። እትዬ አንጓች ወዴት ነው ብለው አልጠየቁም።

«እታለም፣ ባልቆረጥሁት ሽቦ ሊሰቅሉኝ ነበር፤ እንግዲህ ቆርጬ ይፈልጉኝ» አለ።

በሶ ቋጠሩለት፤ አንገቱን ይዘው ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ መልሰው ጉንጩን ሳሙት። አገጩን ሲዳስሱት ጢሙ እንደወጣ ገና ያዩ ይመስሉ ነበር። ሲሄድ እስከ አጥሩ ሸኙትና ተመልሰው ገቡ፤ ያን ዕለት ለማንም ጠላ አልቀዱም።

ብዙም አልቆየ፣ አንድ ጧት ጎንደርን ልጠራ እጀታውን ባዞረው እጄ ላይ ቀለለ። የስልክ እጀታ የሚገፋው ነገር ሲኖረው ከበድ ይላል፤ ሽቦው ሲበጠስ በባዶው ስለሚዞር እንደ አሮጌ እንዝርት ይፈተለካል። አፈር ሲደርቅ ስልኩ ቀስ በቀስ ነው የሚታመመው፤ ይኼኛው ግን ትናንት ሲናገር ውሎ ዛሬ በአንድ ጊዜ ዲዳ ሆኗል። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል። ካፒታኖው ገብቶ ምን ሆነ ሲለኝ፣ አይመልስም አልሁት። ከዚያ በላይ አልጨመርሁም።

ጥፋቱን ለማወቅ የኔን ምክር አልፈለገም፤ አሁን እሱ ራሱ ሐኪም ነው። ለፍተሻ የተሰለፉትን ወታደሮች መሥመሩ ምንም አልሆነም፣ መሬቱ ተጠምቶ ነው ብሎ በተናቸው። በመስኮት ብቅ ብሎም ውሃ አምጡ አለ። እትዬ አንጓች ነጠላቸውን አጥብቀው፣ የጋኑን ውሃ ሁሉ እየገለበጡ አፈሰሱ። ካፒታኖው እጀታውን አዙሮ ገና ነው አለ። ጋኑ አለቀ፣ ወደ እንስራ ዞሩ። ገና ነው። ጎረቤት ሁሉ በካቡ ላይ ተደርድሮ ያያል፤ ቤተ ክርስቲያን ፈንጠር ብለው የሚቆሙት ሴቶችም አሉበት። ካስማው ከጭቃው በላይ ብቅ ያለች ጫፉ ብቻ ቀርታለች፤ የእትዬ አንጓች ቀሚስ እስከ ጉልበታቸው ርሷል። ካፒታኖው መሬቱ ምን ያህል እንደተጠማ እየተገረመ ገና ነው ይላል።

የጓሮውን ውሃ ማየት የፈለግሁ አስመስዬ ካቡን ተሻገርሁና ከአጠገባቸው ጎንበስ አልሁ።

«እትዬ፣ እጀታው በባዶ ነው የሚዞረው» አልኋቸው በሹክሹክታ።

ቀና አላሉም። የእንስራውን አፍ ካስማው ላይ እንደደፉ፣ «ዐውቃለሁ» አሉኝ። «ይልቅ አንተም እንስራ አንሣ። ምንጩ ሩቅ ነው፤ የሞላም መንገድ ገና ሩቅ ነው።»

በኛ አገር ወንድ እንስራ አያዝልም፤ ቢያዝል ዕድሜ ልኩን ይሣቅበታል። አንዱን አነሣሁና ጠፍሩን በደረቴ አጥብቄ በከተማው መካከል ወደ ምንጩ ወረድሁ። በየደጃፉ የቆመው ሰው ሁሉ አየኝ። አንድም የሣቀ አልነበረም፤ እንዲያውም ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ከሴቶቹ የሚበዙት እንስራቸውን አዝለው ከኋላዬ ይከተሉኝ ጀመር።